የጂንፓቺ ቤት ተራ

ቶሜኖ ማለት «ይብቃን» እንደ ማለት ነው። አባቷ ሴት በሴት ላይ ሲወለድበት ጊዜ ተማሮ የመጨረሻዋን እንዲህ ብሎ ሰየማት። በኛ ሸለቆ ይህ ስም ያላቸው ሴቶች ብዙ ስለነበሩ ማንም አይገረምም ነበር። እሷንም አልከበዳትም። «አባቴ ይብቃኝ አለ፣ እውነትም በቃው፤ ከኔ በኋላ ሴትም አልመጣ፣ ወንድም አልመጣ» እያለች ትስቅ ነበር። ሳቋ ግን አጭር ነው። ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ደግሞም ይሉኝታ የሚሉት ነገር ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጠጉሯ የሞላት ነበረች። ይህን የምለው ላመሰግናት ብዬ ብቻ አይደለም። ያ ይሉኝታ ምን እንዳስከፈላት ስላየሁ ነው።

እኔ ሂሳዮ እባላለሁ። ወደዚህ ከተማ፣ ወደ ሂኖሳዋ፣ የመጣሁት በትዳር ነው። ባሌ ቶፉ ሠሪ ነበር። አኩሪ አተሩን ነክረን፣ ፈጭተን፣ አፍልተን፣ እንደ አይብ አርግተን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እናሳድረዋለን፤ ከዚያ እኔ በጀርባዬ ተሸክሜ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ቶፉ ሻጭ የማይገባበት ጓዳ የለም። ምላሷ ስል ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ከተማችን ወንዙን ተከትላ የተዘረጋች ጠባብ ከተማ ናት። ታች ባቡር ጣቢያው፣ ፖስታ ቤቱና የኛ ሱቅ አለ። ላይ፣ መንገዱ ተራራው ሥር በሚያልቅበት፣ ካሚዴ የሚባለው መንደር አለ። ከዚያ ወዲያ ጫካ ነው። ከኅዳር ማለቂያ እስከ መጋቢት በረዶው ቤቱን እስከ ወገቡ ይውጠዋል፤ አንዳንድ ዓመት ሰው የሚወጣው የሚገባው በፎቁ መስኮት ነው። እንዲህ ያለ በረዶ የሚችለው ቁልቁል የወረደ ወፍራም የሳር ክዳን ብቻ ነበር። ክዳኑ ሥር ባለው ሰፊ ቆጥ ላይ ደግሞ የሐር ትል ይረባ ነበር። በአማቶቻችን ዘመን ካሚዴ የሚኖረው በሐር ነው፤ ትሎቹ ቅጠል ሲበሉ ድምፁ ዝናብ የሚዘንብ ይመስል ነበር ይላሉ። ከጦርነቱ በኋላ ናይሎን መጣና የሐሩ ነገር አከተመ። ሰው ወደ ከሰል ዞረ፤ ጋዝ መጣና ከሰሉም ቀረ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ሩዛቸውን አጭደው እንደ ጨረሱ በባቡር ወደ ቶኪዮ እየሄዱ፣ ክረምቱን ሙሉ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ሲቆፍሩ ከርመው በረዶው ሲቀልጥ ይመለሱ ጀመር። ካሚዴ በክረምት የሴትና የሽማግሌ መንደር ሆነች።

ቶሜኖ ወደ ካሚዴ የመጣችው ገና ልጅ እግር ሳለች፣ ለጂንፓቺ ተድራ ነው። ግራኝ ነበረች። አማቷ ይህን በመጀመሪያው ቀን አይታ ስለነበር ሙሽራዋ በግራዋ ጭልፋ ባነሳች ቁጥር እጇን ቸብ ታደርግላት ነበር። ቶሜኖ በቀኟ መብላትና ማማሰል ተማረች፤ ገመድ ስትቋጥር ግን ግራ እጇ ይቀድማታል፣ ይህን ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ሩቅ አገር ዳረች። አማቷን ጧራ ቀበረች። ማንም ሰው ስለ ቶሜኖ ክፉ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ በዚህ መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጂንፓቺ ደግሞ የጣራ ሰው ነበር። በካሚዴ ቤት የሚከደነው በወንፈል ነው። ሳር ክዳን ልጅ ሆኖ ሲከደን ያየው ሰው እስኪሸመግል ድረስ ይቆያል፣ ስለዚህ በየዓመቱ የአንድ ቤት ተራ ይደርሳል፤ ያን ዓመት መንደሩ በሙሉ በመኸር ከወል መስኩ ላይ ሳሩን ያጭዳል፣ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ያንን ቤት ይከድናል። ዕድሜህን ሙሉ በሌላው ጣራ ላይ ትሠራለህ፣ አንድ ቀን ሁሉም ባንተ ጣራ ላይ ይሠራል። የጣራው ጫፍ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን እስር የሚያስረው ሰው አንድ ነው፤ እሱም ጂንፓቺ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ግርጌ ያለውን ጣራ ሁሉ ያሰረው እሱ ነው። የራሱ ቤት ግን መጨረሻ የተከደነው አባቱ በነበረበት ጊዜ ነው። ተራው ቀስ እያለ እየመጣ ነበር።

ሳይደርስ ግን ወደቀ። የወደቀው ከኢዋኦ ጣራ ላይ ነው። ኢዋኦ የመንደሩ ሰብሳቢ ነው፤ ቤቱም የመንደሩ ትልቁ ቤት ነው። በተራው ዓመት፣ ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ዝናብ ያረጠበው እንጨት ጂንፓቺን አንሸራተተው። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን ቀረ። ከዚያ ወዲያ በደቡብ በኩል ባለችው ክፍል ተኝቶ ጣራውን ማየት ሆነ ሥራው። የሚያየውም የራሱን ጣራ ነበር፤ ያረጀ፣ ሽበት ያበቀለ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያንጠባጥብ። ቶሜኖ ፍራሹን አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ ትስበዋለች፤ ውሃው ተከትሎት ይመጣል። በመጨረሻ ብርድ ልብሱ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀመጠችለት። «ጣራ ስከድን ኖሬ ዝናብ መቅጃ ሆንኩ» አለኝ አንድ ቀን። ሳቅኩለት። ሳህኑን ግን ማየት አልቻልኩም።

የጂንፓቺ ቤት ተራ የደረሰው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። ሌሎቹ ቤቶች ግን በዚያ ዓመት ሐሳባቸው ሌላ ጋ ነበር። ከቶኪዮ የሚመጣው ደመወዝ ቆርቆሮ አመጣ፤ አንዱ ሳሩ ላይ ቆርቆሮ ሲመታበት ሌላውም ተከተለ። በዚያ ላይ የአንድ ኩባንያ ሰዎች መጥተው የሳሩን መስክ ለበረዶ መንሸራተቻ እንገዛለን አሉ። (ገዙትም፤ ጥቂት ዓመት ሰው በባቡር እየመጣ ተንሸራተተበት፣ ከዚያ ኩባንያው ከስሮ ሄደ፤ ዛሬ የዛገው ብረት ብቻ ቆሞ ይታያል። ባቡሩም ቀርቷል።) መስኩ ይሸጥ ከተባለ ሳር የለም፤ ሳር ከሌለ የጂንፓቺ ቤት ተራ የለም። ተራው ይጠበቅ ከተባለ ደግሞ ሽያጩ ይዘገያል፣ ኩባንያው ወደ ጎረቤት ሸለቆ ይሄዳል። ይህን ሁሉም ያውቃል። አፉን ከፍቶ የሚናገር ግን አልነበረም።

ስብሰባው የተደረገው ኢዋኦ ቤት ነው። በወጉ ከያንዳንዱ ቤት የሚመጣው አባወራው ነው፤ ጂንፓቺ መነሳት ስለማይችል ቶሜኖ በእሱ ፈንታ መጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ጂንፓቺ ሲያስጠናት ነው የሰነበተው። ተራህ ሲጠራ ወዲያው እሺ አይባልም፤ እሺ ያለ ሰው ስስታም ነው። አንድ ጊዜ «ለሌላው ይሁን» ትላለህ፣ ሰብሳቢው ይለምንሃል። ሁለተኛም እምቢ ትላለህ፣ ሁሉም ይለምኑሃል። ሦስተኛ ላይ ግንባርህን ምንጣፉ ላይ አስነክተህ እሺ ትላለህ። የካሚዴ ቤት ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የተከደነው። ኢዋኦ ራሱ በተራው ዓመት እንዲሁ ተለምኖ ነው እሺ ያለው።

እኔ ለስብሰባው የታዘዘውን ቶፉ አምጥቼ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነበርኩ። ተንሸራታቹ በር ገርበብ ብሏል። ኢዋኦ ጉሮሮውን ጠርጎ ዘንድሮ ተራው የጂንፓቺ ቤት መሆኑን ተናገረ። ቶሜኖ ከተቀመጠችበት ዝቅ ብላ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አደረገች።

«የኛ ጣራ ገና ይችላል» አለች። «ከኛ የባሰበት ቤት አይጠፋም። ለሌላው ይሁን።»

ኢዋኦ ሻይ ኩባያውን አነሳ፣ ግን አልጠጣም። ወንዶቹ ሁሉ ምንጣፉን ያያሉ። በበሩ ስንጥቅ የወፍጮ ቤቱን ኩማዞን አየሁት፤ ከንፈሩ ሊከፈት ሲል መልሶ ገጠመው።

«የጂንፓቺ ቤት ለመንደሩ ይህን ያህል ካሰበልን» አለ ኢዋኦ ቀስ ብሎ፣ «ከልብ እናመሰግናለን። እንግዲህ ወደ መስኩ ጉዳይ እንለፍ።»

ቶሜኖ ግንባሯን አላነሳችም። ልመናውን እየጠበቀች ነበር። ስለ መስኩ ሽያጭ መነጋገር ጀምረው፣ አንዱ ስለ ድንበሩ፣ ሌላው ስለ መንገዱ ሲጠይቅ እሷ አሁንም እንደተደፋች ናት። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ጓዳ ያለነው ሴቶች እርስ በርስ መተያየት አፈርን። ገብቼ ልናገር ቃጣኝ፤ እኔ ግን የካሚዴ ሰው አይደለሁም፣ የጣቢያው ሱቅ ከወንፈሉ ውጭ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ሰው አንዴ እምቢ ካለ በኋላ «የምሬን አልነበረም» ብሎ ሊመለስ አይችልም። እንዲህ ያደረገ ሰው በዚህ አገር ራሱን አዋረደ ማለት ነው። ይህንንም ያውቁ ነበር። አንድ ክፉ ቃል ሳይናገሩ፣ በገዛ ጨዋነቷ አሰሯት።

ስብሰባው ሲያልቅ ባዶ የቶፉ ገንዳዬን ተሸክሜ አብሬያት ወጣሁ። ደጃፏ ላይ ስንደርስ ሻይ ጠጪ ብላ እጄን ያዘችኝ። ብቻዋን መግባት እንዳልቻለች ገባኝ።

ጂንፓቺ ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አድርጎ ይጠብቃት ነበር።

«እህ፣ ስንተኛው ላይ እሺ አልሽ?» አላት።

ቶሜኖ የውጭ ቀሚሷን አውልቃ አጣጠፈች። አጣጥፋ ስትጨርስ እንደገና ዘረጋችና አጣጠፈችው።

«ሦስተኛው ላይ» አለች።

«ጎሽ። ኢዋኦስ ምን አለ?»

«ጂንፓቺ ወገቡን የሰጠው እኔ ጣራ ላይ ነው፣ ለእሱ ሳልከድን ምን ብዬ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ አለ።»

ጂንፓቺ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቶሜኖ እኔን ታየኛለች፤ ዓይኗ ዝም በይ ይለኛል። ሻዬን ጠጥቼ፣ ምንም ሳልል ወጣሁ።

መስኩን ኩባንያው የሚረከበው ከመኸር በኋላ ነበር። ሩዙ እንደ ታጨደ ቶሜኖ ማጭዷን ይዛ ብቻዋን ወደ መስኩ ወጣች። ማንም አልከለከላትም፤ ማንም አብሯትም አልወጣም። ሳሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ወንዶቹ በሙሉ ተሰልፈው ለቀናት የሚያጭዱት ነው። እሷ ጠዋት ባሏን አብልታ፣ አጥባ፣ ገልብጣ ታስተኛውና ትወጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ያጨደችውን እያሰረች መስኩ ጠርዝ ላይ ባለው የወል ጎተራ ትከምረዋለች። ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ለጂንፓቺ የቀኑን ወሬ ትነግረዋለች። ዛሬ ማን መጣ፣ ማን አረፈደ፣ ኩማዞ ከማን ጋር ተቀላለደ፣ የድልድዩ ግርጌ ሽማግሌ ወገቤን ብሎ ስንት ጊዜ ተቀመጠ። የያንዳንዱን ሰው አነጋገር አውጥታ ነው የምታወራለት። ያቺ ዝምተኛ ሴት እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳላት አላውቅም ነበር። ጂንፓቺ ሆዱን ይዞ ይስቃል፣ ከዚያ «ለኩማዞ ምስጋናዬን ንገሪልኝ» ይላታል። እሺ ትለዋለች።

ይህን አንድ ሁለት ቀን ሰምቼ ትዕግሥቴ አለቀ። ኩማዞ ወፍጮ ቤት ሄድኩ።

«ኩማዞ፣ ማጭድህን አይጥ በላው እንዴ?»

«እስቲ ተይኝ ሂሳዮ» አለ። ምን እንደምል ገብቶታል። «እኔ ብቻዬን ተነስቼ ብሄድ ሌሎቹን ምን አደረግኳቸው? ፊታቸውን ጭቃ መቀባት ነው።»

«የሷስ ፊት?»

«እሷ እኮ ራሷ እምቢ ብላለች። ሁላችንም ሰምተናል።»

«አንተ በሠርግህ ዕለት ስንት ጊዜ ተለምነህ ነው የጎረስከው?»

ወፍጮው ላይ እህል ጨመረ፤ ድምፁ ከፍ ሲል እኔን ላለመስማት ምክንያት አገኘ። ክፉ ሰው አይደለም ኩማዞ። ከነሱ ውስጥ ክፉ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ሁሉም መጀመሪያ የሚወጣውን ሰው ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ የሚወጣ ደግሞ ጠፋ። ቶሜኖን መንገድ ላይ ሲያዩ ቀድመው እጅ ይነሷታል፣ ድሮ ከሚነሱት ዝቅ ብለው፣ ከዚያ ፈጠን ብለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቶፉ ይዤ ስገባ ጂንፓቺ ሳሩን ላሽትተው ብሏት ኖሮ ቶሜኖ አንድ እስር ተሸክማለት መጥታለች። ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። አሸተተው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ጥሩ ሳር ነው፣ ዘንድሮ አገዳው ጠንክሯል አለ። ከዚያ ጣቶቹ ወደ ገመዱ ሄዱ። ቋጠሮው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ቋጠሮ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው።

«የማን እስር ነው?» አለ።

«የኩማዞ» አለች ቶሜኖ።

«ጎበዝ ነው። ጥብቅ አድርጎ ነው የሚያስረው።»

ቶሜኖ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ጂንፓቺ የእግሯ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀ። እስሩን አልለቀቀውም፤ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው በሁለት እጁ ይዞታል።

«ሂሳዮ» አለኝ። «በዚህ ሸለቆ በግራ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ በሩ ዞሬ አየሁ።

«ብቻዋን ናት አይደል?»

«አዎ» አልኩት። ዋሽቼ ምን ላደርግ።

«እንዳወቅኩ አትንገሪያት። ማታ ስታወራልኝ ደስ ይላታል።» ደግሞም፣ «እኔ ነኝ ሦስተኛው ላይ እሺ በይ ብዬ ያስተማርኳት» አለ።

እሷ ስትመለስ ፊቱ ያው የወትሮው ነበር። ነገ እነማን ይመጣሉ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ቁጭ ብላ ስም ትዘረዝርለት ጀመር። እኔ ቶፉውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ እየተዋሸሹ ከረሙ። እሷ ለእሱ ብላ ትዋሻለች፣ እሱም ለእሷ ብሎ ያመነ ይመስላል። እኔ የሁለቱንም ይዤ ከቤት ቤት እዞራለሁ።

በረዶው ቶሜኖን መስኩ ላይ አገኛት። የደረሰችበትን ያህል አጭዳ ነበር። ጂንፓቺ ያን ክረምት ሳንባው ተይዞ፣ ብርዱ ሲጠና ዐረፈ። እስከ መጨረሻው ራሱን አልሳተም። ለመንደሩ ሰው ሁሉ ምስጋናውን ንገሪልኝ ብሏት ነበር፤ እሷም እሺ ብላዋለች።

ለቀብር መንደሩ በሙሉ መጣ። ቀብር የማይቀርበት ነገር ነው፤ የተጣላም ይመጣል። ቶኪዮ ዋሻ ሲቆፍሩ የነበሩት ሳይቀሩ በባቡር ተሳፍረው መጡ። አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት የጣራው በረዶ መጠረግ ስለነበረበት ወንዶቹ አካፋ ይዘው ወጡ። እኛ ጓዳ ሆነን ሩዝ ስንቀቅል ከላይ አንድ ነገር ተሰነጠቀ፤ ቀና ስንል በጣራው ክዳን በኩል አንድ እግር ከነጫማው ተንጠልጥሏል። የኩማዞ እግር ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንሞት ነበር በሳቅ። ማንም አልሳቀም። ኩማዞን ጎትተው ካወጡት በኋላ ወንዶቹ ሥራቸውን ትተው፣ ቀዳዳውን ከበው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ክዳኑ እስከ ውስጡ በስብሶ ጥቁር አፈር ሆኖ ነበር። ከታች ሆኖ ማንም ይህን አላየም፤ ለማየትም የፈለገ አልነበረም።

ከቀብር ተመልሰን ወንዶቹ በረድፍ ተቀመጡ። የሩዝ መጠጣችን ሳኬ ዞረ። ኢዋኦ የሰብሳቢነቱን ንግግር ለማድረግ ጉልበቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። ጂንፓቺ ለመንደሩ ያደረገውን ዘርዝሮ ተናገረ፤ ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው። በመጨረሻ ወደ ቶሜኖ ዞሮ እንዲህ አለ፦ «በሕይወት ሳለ ያላደረግንለትን እናደርግለታለን። በረዶው ሲቀልጥ ይህን ቤት ሁላችን ተሰብስበን እንከድናለን።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ቃል በለቅሶ ቤት ይባላል። ሐዘንተኛዋ ደግሞ «ኧረ ምን ሲደረግ፣ አትድከሙ» ትላለች፤ ያ ነገር በዚያው ያልቃል፣ ሁሉም ደግ ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኢዋኦ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ እጁ ወደ ኩባያው እየሄደ ነበር።

ቶሜኖ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አላስነካችም።

«እሺ» አለች።

ኢዋኦ ያልሰማ መሰለ።

«እሺ» አለች ደግማ። «ሳሩን አጭጄ ጎተራው ውስጥ ከምሬዋለሁ። በረዶው ሲቀልጥ ኑ።»

በካሚዴ ማንም ሰው እንዲህ ሲል ተሰምቶ አያውቅም። አንዱ ሳለ። ኢዋኦ ኩባያውን መልሶ አስቀመጠ፤ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ዝቅ ብሎ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዝቅ አሉ። ቶሜኖ አየቻቸው እንጂ አልመለሰችላቸውም። ጓዳ ሆኜ እንባዬ ሩዙ ውስጥ ይወርድ ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ መጡ። አንድም ቤት አልቀረም። መስኩ ላይ የኩባንያው ቀይ ምልክቶች ተተክለው ነበር፤ ያለው ሳር ጎተራ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ወንዶቹ እስሮቹን እየተሸከሙ አወረዱ፣ እየፈቱ ዘረጉ። ቋጠሮው ሁሉ የግራ እጅ ቋጠሮ ነበር፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሲፈቱ ያዩታል፤ አልተነጋገሩም። ኢዋኦ ሸምግሎ ሳለ እንደ ጎረምሳ መሰላል ሲወጣ ሲወርድ ዋለ። ጂንፓቺ ይቆምበት በነበረው ጫፍ ላይ ኩማዞ ቆሞ የመጨረሻውን እስር አሰረ፤ እንደ ጂንፓቺ አላማረለትም፣ ግን ጥብቅ ነበር። ሳሩ የበቃው ለአንዱ ወገን ብቻ ነው። ቶሜኖ የደቡቡን በኩል መረጠች፣ እሱ ተኝቶባት የነበረችውን ክፍል። ሌላውን ወገን ቆርቆሮ መቱበት። ግማሹ ሳር ግማሹ ቆርቆሮ የሆነ ቤት በአካባቢው እሱ ብቻ ነበር፤ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ከዚያ በኋላ በካሚዴ ሌላ ቤት በሳር አልተከደነም።

የዝናቡ ወቅት የገባ ዕለት ቶፉ ይዤ ሄድኩ። በሰሜኑ በኩል ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ወደ ደቡቡ ክፍል ስገባ ድምፁ ጠፋ፤ አዲሱ ሳር ይሸታል። ቶሜኖ የጂንፓቺ ፍራሽ በነበረበት ቦታ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ሳህኑ የለም። ምንም የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን ገና ሲጠሩኝ እሺ ብላቸው ኖሮ» አለች፣ «እዚህ ተኝቶ ያየው ነበር። ስስታም ይሉኝ ነበር፤ ይበሉኝ። አንዲት ቃል ናት እኮ ሂሳዮ። አንዲት ቃል።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ የሰማችኝ አልመሰለኝም። እጇን አየሁት፤ ግራው መዳፍ ላይ የገመዱ ጠባሳ ገና አልጠፋም።

«ደግነቱ እሱ አላወቀም» አለች። «መንደሩ ሁሉ ማጭዱን ይዞ እንደ ወጣለት አስቦ ነው የሄደው። ይኼ ባይኖር እኔም አልቆምም ነበር።»

ዛሬ ሁለቱም የሉም፣ ስለዚህ እናገረዋለሁ። ያን ዕለት ግን ቶፉውን ከውሃው አውጥቼ ሳህኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«አዎ እትዬ» አልኳት። «ደስ ብሎት ነው የሄደው።»